ለቅሶ ክረምት በጋ አይልም፦ የጮቄ መንገድ ማስታወሻ

በክረምት ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ለሽርሽር አይደለም የሚወጣው። ለቅሶ አለበት። የታመመ ዘመድ አለው። ወይም ልጅ ሊያደርስ ነው። ስለዚህ «በክረምት አትንቀሳቀሱ» የሚለው ምክር ለብዙዎቻችን አይሆንም። መሄዳችን ካልቀረ መነጋገር ያለብን እንዴት እንደምንሄድ ነው።

ይህን ማስታወሻ የያዝኩት በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሐምሌ 28 አረፈ። ቤቱ ረቡዕ ገበያ ነው። ረቡዕ ገበያ በምሥራቅ ጎጃም የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ትገኛለች። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ከከተማዋ ከፍ ብሎ ባለ መንደር ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት፣ ዛሬ ይህን መንገድ የሚያስብ ሰው ከዝናቡ በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ አለበት። እኛ በሄድንበት ጊዜ ያሳሰበን ውኃውና ጭቃው ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 30

ከዘመድ ጋር ተዋጥተን ሚኒባስ ተከራየን። ሹፌሩ የሠፈራችን ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። በዋዜማው ጎሚስታ ጋ ወስደው የኋላ ጎማዎቹን አስቀይረዋል። «ያለቀ ጎማ በበጋ ይታገስሃል። እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ይከዳሃል» አሉኝ። የዝናብ መጥረጊያውንም ለውጠውታል። ውድ ዕቃ አይደለም። ዓባይ በረሃ ውስጥ ዶፍ ሲወርድ ግን ያለ እሱ መንዳት አይቻልም።

ልክ ሲነጋ ወጣን። እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ስንደርስ ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቷል። ጋሼ አጭር መብራት አብርተው ቀስ አሉ። በጉም ውስጥ ረጅም መብራት ካበራህ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይንህ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ፊትህን ጭራሽ አታይም። ከኋላችን አንድ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ መጣ። ጋሼ ጥግ ይዘው አሳለፉት።

ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ገብረ ጉራቻ እያልን ጎሃ ጽዮን ገባን። ቁርስ በላን። ጋሼ ግን አልተቀመጡም። ጎማ ነካኩ፣ ፍሬን ሞከሩ፣ ከበረሃው የወጡ ሹፌሮችን እየዞሩ ጠየቁ። «ታች ዘንቧል ወይ? ድንጋይ ወርዷል ወይ? የቆመ መኪና አለ ወይ?» እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉም ይመልሳል። አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ድልድዩ ሳይደርስ ድንጋይ እንደወረደና መኪና በአንድ በኩል ብቻ እንደሚያልፍ ነገራቸው። የትኛውም ትንበያ እንዲህ አይነግርህም።

ከጎሃ ጽዮን አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ከላይ ጋቢ ያስለብሳል፤ ታች ያልብሃል። 1,000 ሜትር በወረድክ ቁጥር አየሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ጋሼ በከባድ ማርሽ ነው የወረዱት። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ ቢረግጡት አይዝም። ፊታችን ከነበረ የጭነት መኪና የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ይመጣ ነበር። ጋሼ ራቅ ብለው ተከተሉት።

እዚህ በረሃ ላይ መሬቱ ራሱ ይሄዳል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ጄሶና ሸክላማ አፈር ተደራርበዋል። የዝናቡ ውኃ በላይኛው ድንጋይ ስንጥቅ ይሰርጋል። ሸክላው ጋ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። እዚያው ያርሰዋል፣ ያሟልጨዋል። ያኔ ከላይ ያለው ክብደት ሁሉ ወደ ታች መንሸራተት ይጀምራል። አስፋልቱ በየቦታው ያበጠውና የሰመጠው በዚህ ነው። መንገዱ በጃፓን እርዳታ በደንብ ታድሷል። የመሬቱ መንሸራተት ግን ከዚያም በኋላ አልቆመም።

አንድ ኩርባ ላይ አስፋልቱ መሀል የተቆረጠ ቅጠል ተጥሏል። ጋሼ ወዲያው ፍጥነት ቀነሱ። ከኩርባው ጀርባ የተበላሸ መኪና ቆሟል። ይህን ምልክት የማያውቅ ሹፌር ቅጠሉን ዳምጦ ያልፍና መኪናው ላይ ይወጣል። በክረምት ደግሞ ፍሬን ቢይዙም መኪናው ቶሎ አይቆምም። ቅጠል የሚጥሉትን ሁሉ እግዜር ይስጣቸው። መኪናቸው ተስተካክሎ ሲሄዱ ለጎማ መደገፊያ ያስቀመጡትን ድንጋይ ከመንገዱ ቢያነሱልን ደግሞ የበለጠ ነበር።

ታች የህዳሴ ድልድይ አለ። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ነው የተከፈተው። አሮጌው ድልድይ አጠገቡ ነው። ዓባይ ሞልቶ ጠቁሯል። እናቴ በመስኮት አየችውና «ይሄ የኛ ማሳ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ከጮቄ የሚወርዱት ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጀደብ፣ ተምጫ ሁሉም የተራራውን አፈር ይዘው መጨረሻቸው እዚሁ ዓባይ ነው።

ደጀንን አልፈን ደብረ ማርቆስ ስንገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ዝናቡም ጀምሯል። እናቴ እዚያው ቀኑን መቀጠል ፈለገች። ሳልስቱ አምልጧታል፤ ወንድሟን ሳትቀብር ቀርታለች። ማንም ሊከለክላት አልደፈረም። ጋሼ ብቻ «እትዬ፣ ከዚህ በላይ ጠጠር ነው። በዚህ ዝናብ ወጥተን ብንያዝ መሽቶብን ሜዳ ላይ እናድራለን» አሏት። እናቴ ዝም አለች። አደርን።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። እናቴ በጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ካፊያው ሌሊቱን ሙሉ አላቋረጠም።

እኔና ጋሼ መናኸሪያ ሄድን። የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ከላይ የመጣ መኪና አለ? አራት ሰዓት ድረስ አልመጣም። መናኸሪያ ውስጥ ያሉ ረዳቶች «ይወጣል፣ ችግር የለም» ይላሉ። የእነሱ ሥራ መኪና መሙላት ነው። ከላይ የመጣ ሰው እስካላየሁ ድረስ እኔ እንዲህ ያለውን ቃል አልቀበልም። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ድንች የጫነ አይሱዙ ጎማው እስከ እምብርቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ሹፌሩ «ነገ ጠዋት ዝናቡ ካረፈ ሞክሩ። ዛሬ ይቅርባችሁ። በሚኒባስ ደግሞ ፈጽሞ» አለን። ሚኒባሱን ሆቴሉ ግቢ አቆምነውና ለነገ ላንድ ክሩዘር ተነጋገርን።

ቀኑን ለግዢ አዋልነው። ለሁላችንም ቦቲ ጫማ፣ ሰፊ ላስቲክ፣ የእጅ ባትሪ። ስልክና ገንዘብ በፌስታል ደራርበን ቋጠርን። ጃንጥላ ከተማ ውስጥ ደህና ነው፤ ተራራ ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ አንድ እጅህንም ይይዝብሃል። ልብስን በተመለከተ ብዙ ሰው ጋቢ ይበቃኛል ይላል። ጋቢ ደረቅ ሳለ ግሩም ነው። ጥጥ ስለሆነ ውኃ ከጠጣ ግን ይከብዳል፣ ያቀዘቅዛልም። ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ላስቲክ ይሻላል። የጮቄ እረኞች ከሣር የተሠራ ገሳ የሚደርቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃው በሣሩ ላይ ይወርዳል እንጂ ወደ ገላ አይዘልቅም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረታ። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። ከሰሜኗ ያለው ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። እርጥቡ ነፋስ ተራራውን ሲገጥም ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዝና ይዘንባል። በዚያ ላይ የጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ ደመና ይቆልላል። ካፊያ በማንኛውም ሰዓት ሊጥል ይችላል። በረዶ፣ መብረቅና ጎርፍ ያለበት ከባዱ ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። የተራራ ሰው መንገዱን ሁሉ በጠዋት የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

ማታ መብራት ጠፋ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሆቴሏ ባለቤት አዝና ከሰል በማንደጃ አያይዛ ወደ ክፍላችን አመጣችልን። እናቴ አመስግና ተቀበለቻት። እግራችንን ሞቅ ሞቅ ካደረግን በኋላ ግን ማንደጃውን ራሷ አንስታ በረንዳ አወጣችው። በየክረምቱ በተዘጋ ክፍል ከሰል አያይዘው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ቤተሰቦችን ዜና እንሰማለን። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከባድ እንቅልፍ ያመጣል። እንቅልፍ ነው ብለህ ትተኛለህ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። እባካችሁ ይህን ለሌላ ሰው ንገሩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 2

ጠዋት ጠራ ያለ ነው። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሳን። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ጠጠሩ ብዙ ቦታ በአፈር ተውጧል። የላንድ ክሩዘሩ ሹፌር ከፊቱ የሄደውን የጎማ ፈለግ እየተከተለ ነዳ። አንድ ቁልቁለት ላይ አስቆመንና ሁላችንንም አስወረደን። እሱ ባዶውን ወረደ፤ እኛ በእግራችን ተከተልነው። እናቴን ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳት። ሹፌር «ውረዱ» ሲል መከራከር ደግ አይደለም። ቀላል መኪና ከተንሸራተተም ማዳን ይቀላል።

ረቡዕ ገበያ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። እናቴ ወንድሟን አለቀሰች። እኛም አለቀስን።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ እግሬን ላፍታታ ወደ ገበያው ወጣሁ። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ገበያው እየተበተነ ነው። ድንችና ገብስ ይዘው የመጡ ሴቶች ያልሸጡትን እየቋጠሩ ይመለሳሉ። አንዷን እናት «ምነው እናቴ፣ ገና ነው እኮ» አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ ጮቄ አመለከቱኝ። ከተማው ላይ ፀሐይ አለ። የተራራው አናት ግን በጥቁር ደመና ተውጧል። «እዚህ አልዘነበም አትበል ልጄ። ወንዛችን የሚሞላው እዚያ ሲዘንብ ነው» አሉኝ።

የዚህ ጉዞ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሰው የሚፈራው በራሱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው። በተራራ አገር የሚገድለው ግን ሌላ ቦታ የዘነበው ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ሲሯሯጥ ሰማን። ከመንደር ለለቅሶ የመጡ ዘመዶቻችን መመለሻቸው ላይ ወንዝ ሞልቶባቸዋል። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች። «እዚያ ልጆች አሉ» አለች። ተከተልናት።

ጠዋት ድንጋይ እየረገጡ የተሻገሩት ወንዝ ነው። አሁን ድንጋዩ አይታይም። ውኃው አረፋና ግንድ ይዞ ይወርዳል። ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። አንድ ጎረምሳ ሱሪውን ሰብስቦ ሊገባ ነው። «ጉልበት ነው እኮ የሚደርሰው፣ ተያይዘን እንሻገር» ይላል። እናቴ እጁን ይዛ ጎተተችው። «አንተ ልጅ! ድምፁን አትሰማም?» አለችው።

ከዚያ ያደረገችውን እኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስታ ውኃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ሁላችንንም ከዳሩ አራቀችን። ወዲያው ድንጋዩ ተሸፈነ። ሌላ ከፍ አድርጋ አስቀመጠች። እሱም ተሸፈነ። «ገና እየመጣ ነው» አለች። በሙላት ጊዜ የወንዝ ዳር ከሥሩ ይቦረቦራል፤ የቆምክበት መሬት ይዞህ ሊገባ ይችላል። ቀለሙ በድንገት ሲጠቁር፣ ቅጠልና ጭራሮ ሲበዛ፣ ድንጋይ መንጓጓት ሲጀምር ከላይ ትልቁ ውኃ እየመጣ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ውኃ ስትቀዳ አድጋ ነው የተማረችው።

ጎረምሳው «ጉልበት ነው» ያለውን እያሰብኩ ቆየሁ። በፍጥነት የሚወርድ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር እንኳ ሆኖ ትልቅ ሰው ሊያንሸራትት ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ላንድ ክሩዘርም ቢሆን ያው ነው። ውኃው ደፍርሶ ሥሩ በማይታይበት ጊዜ ደግሞ መንገዱ ከሥር ይኑር አይኑር አታውቅም።

የተራራ ወንዝ አንድ ደግነት አለው። ቶሎ እንደሞላ ቶሎ ይጎድላል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ ያስቀመጠችው ድንጋይ እየተገለጠ መጣ። እሷ ግን ልጆቹን ሊመሽ ሲል አላሻገረችም። ሁሉም ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ አደሩ። ቆሎና ድንች ቀረበ። ወደ መንደሩ በስልክ ተደውሎ ለቤት ቀሪዎቹ ተነገረ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3

አጎቴ የተቀበረው ላይ መንደር ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቴ መቃብሩን ሳታይ እንደማትመለስ ተናግራለች። በበቅሎ እንድትሄድ ሆነ። የአጎቴ ልጅና አንድ ሽማግሌ አብረውን ወጡ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንዙን ስንሻገር ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

ከፍ እያልን ስንሄድ ገብስና ድንች ብቻ ሆነ። ከዚያ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ መጣ። ሽማግሌው ወደ ላይ እየጠቆሙ ጓሳ የሚባለውን ሣርና ጅብራ የሚባለውን ረጅም የተራራ ተክል አሳዩኝ። እዚያ ድረስ አልወጣንም። አየሩ ይቀጥናል፤ ትንሽ ስትፈጥን ትንፋሽ ያጥርሃል። ሽማግሌው ቶሎ ቶሎ አያራምዱንም፤ በየጊዜው ያስቆሙናል። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከሰማይ አልተነሳም።

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ሦስት ተኩል ነው። አባ ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ። እናቴ መቃብሩ አጠገብ ቁጭ አለች። ማንም አላስቸኮላትም። አምስት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ጠጋ ብለው «እትዬ፣ ደመናው ቆሟል። ቀን ሳለ እንውረድ» አሏት። ተነሳች።

ግማሽ መንገድ ላይ ነጎድጓድ ሰማን። ብልጭታውን አይተህ ድምፁ እስኪመጣ ሰከንዱን ቁጠር፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘጠኝ ቆጠርኩ። ቀጥሎ ስድስት። ሽማግሌው ቆጠራ አላስፈለጋቸውም። እናቴን ከበቅሎ አስወረዱ። ዶማ ይዞ የነበረውን የአጎቴን ልጅ «ጣለው» አሉት። ከፊታችን ሜዳ መሀል አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። እግራችን ወደዚያ ሲያመራ «ወደሱ አትሂዱ!» ብለው ጮኹ። መብረቅ ከፍ ያለውንና ብቻውን የቆመውን ነገር ነው የሚፈልገው። ዛፉን ሲመታ በሥሩና በመሬቱ ያልፋል፤ ከሥሩ የተጠለለው ሁሉ ይመታል። ከብት በመንጋ የሚሞተው እንዲህ ነው።

ዝቅ ወዳለ ቦታ ወረድን። ተራርቀን ተቀመጥን፤ ተያይዞ መቀመጥ አይገባም። እግር ገጥሞ ቁጢጥ ማለት፣ መሬት ላይ አለመጋደም፤ እንዲህ ነው ያሉን። ዳር እስከ ዳር በረዶ ወረደ። ላስቲኩን ራሳችን ላይ ይዘን ቆየን። ቀለል ሲል ቶሎ ወደ ቅርብ ጎጆ አስገቡን። ሜዳ ላይ ከመሆን ይሻላል፤ ጎጆ ግን ከመብረቅ ሙሉ መጠለያ አይደለም። በሩ የተዘጋ፣ ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ከጎጆ ይሻላል። ነጎድጓዱ ከቆመ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚመታው «አለፈ» ብሎ ሲወጣ ነው።

እናቴ ተንቀጠቀጠች። ባለቤቲቱ እርጥቡን ነጠላ አስወልቃ በራሷ በርኖስ ጠቀለለቻት። ትኩስ የገብስ አጥሚት ሰጠቻት። በብርድ የራሰ ሰው መጀመሪያ እርጥብ ልብሱ ይውለቅለት። እየተንቀጠቀጠ ሳለ ገና ደህና ነው። መንቀጥቀጡ ቆሞ ንግግሩ ከተንተባተበ ግን ወዲያው ወደ ሐኪም ነው።

ከመጨለሙ በፊት ገባን። ወንዙ ያን ቀን አልሞላም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 4

ልንወርድ ተነሳን። ከከተማው ብዙ ሳንርቅ መንገዱ በናዳ ተዘግቷል። ሌሊት ነው የወረደው። ከዳገቱ ላይ የተቆረጠው አፈር መንገዱን ሞልቶ ወደ ታች ፈስሷል። ሰው አልጎዳም።

የአካባቢው ሰው ዶማና አካፋ ይዞ መጥቷል። ነገር ግን አንድ አዛውንት ማንንም አላስጠጉም። ከላይ ያለውን ዳገት አሳዩን። አናቱ ላይ ረጅም ስንጥቅ አለ። የባሕር ዛፎቹ ወደ ታች አዘንብለዋል። ጠርቶ የሚፈስ የነበረ ምንጭ ደፍርሷል። ገና አልጨረሰም ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ዝም ብለን ጠበቅን። አምስት ሰዓት ገደማ ሌላ አፈር ወረደ፤ ሊሠሩ የመጡት ሰዎች ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ።

ይህን ማስታወሻ ስጽፍ የጎፋው አልደረሰም ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ናዳ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ የሚቆፍሩትንም ቀበረ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የእኛ ሰው ጎረቤቱ ከአፈር ሥር ሆኖ እጁን አጣጥፎ አይቆምም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ከላይ ያለውን ዳገት የሚያይ አንድ ሰው መቆም አለበት። ስንጥቅ ካየ የሚጮህ ሰው። ያን ቀን እኛ ጋ ያ ሰው ነበር።

መንገዱ አልተከፈተም። ተመልሰን አጎቴ ቤት አደርን።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5

ሌሊቱን አልዘነበም። ጠዋት በእግራችን ናዳውን በሩቅ ዞረን አለፍን። ከወዲያ በኩል ሌላ መኪና ጠበቀን። ደብረ ማርቆስ አራት ሰዓት ላይ ገባን። ጋሼ ሚኒባሱን አሙቀው ቆመዋል።

ደጀን ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነው። አብረውን ካሉት አንዱ ነገ ጠዋት ሥራ አለኝ፤ ዛሬ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ አለ። ጋሼ ከበረሃው የወጡ ሹፌሮችን ጠየቁ። ታች ጉም አለ፣ አንድ ተሳቢም መንገድ ይዞ ቆሟል አሏቸው። «በዚህ ላይ ሲመሽ በረሃ ውስጥ እንሆናለን። አልወርድም» አሉ። ሰውየው ተቆጣ። በሌላ መኪና እሄዳለሁ ብሎም ነበር። እናቴ «ለወንድሜ አልቅሰህ ስትመለስ ላንተ ደግሞ እንዳላለቅስ» አለችው። ቀረ። ደጀን አደርን።

እሁድ፣ ነሐሴ 6

በአሥራ ሁለት ሰዓት ወረድን። ሰማዩ ጠርቷል። ተሳቢው ተነስቷል። አስፋልቱ ላይ ሌሊት የወረደ ድንጋይ በየቦታው አለ። ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ድልድዩን ተሻግረን ጎሃ ጽዮን ቁርስ ቀረበልን፤ ያ ሰውዬ የጋሼን ሻይ ከፈለ። ሰባት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ገባን።

ማክሰኞ የአጎቴ ልጅ ደወለ። መንገዱን ጠርገው ከፍተውታል፤ ስንጥቁ ግን አሁንም አለ፤ መኪና አንድ አንድ እያለ ነው የሚያልፈው። አርባው መስከረም 2 ይውላል። ዝናቡ ያኔም ጨርሶ አይለቅም። እናቴ ከአሁኑ ለጋሼ ነግራቸዋለች። ጳጉሜ 5 ደብረ ማርቆስ አድረን በእንቁጣጣሽ ጠዋት እንወጣለን።